ከወንጂ እስከ ዱከም፦ የኩባንያ መዝገብ ለማን ይነበባል?

ከአዲስ አበባ በደቡብ ምሥራቅ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ዱከም ለብዙ መንገደኛ የምትታወቀው በጥሬ ሥጋ ቤቶቿ ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ሰው ግን ሌላ ዱከም ያገኛል፤ ጫማ የሚሰፋባት፣ ሴራሚክ የሚመረትባት፣ መድኃኒት የሚቀመምባት፣ መኪና የሚገጣጠምባት ከተማ። ከዚህ ተነሥቶ በቢሾፍቱ፣ በሞጆና በአዳማ አልፎ ወንጂ በሚደርሰው መስመር ላይ ባለፉት ሰባ ዓመታት የተተከሉት ፋብሪካዎች ታሪክ አዘውትሮ የሚነገረው በማሽን ብዛትና በሠራተኛ ቁጥር ነው። የሒሳብ መዝገባቸው ታሪክ ብዙም አልተተረከም። አንድ ኩባንያ ግብሩን በሐቅ መክፈል አለመክፈሉ፣ ከአቅሙ በላይ ዕዳ መሸከም አለመሸከሙ የሚወሰነው ግን በአብዛኛው እዚያ ነው፤ መዝገቡን ማን ይጽፈዋል? ማንስ ያነበዋል?

ታሪኩ ከወንጂ ይጀምራል። ኤች ቪ ኤ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የሆላንድ ኩባንያ በኢንዶኔዥያ ሰፋፊ እርሻዎች ነበሩት። ያች አገር ነፃ ስትወጣ የኩባንያው ይዞታ አደጋ ላይ ወደቀ፤ ሹማምንቱም ሌላ መሬት ፍለጋ ወጡ። በ1943 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋውለው በአዋሽ ዳር 5,000 ሔክታር መሬት ያዙ። የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ጀመረ፤ በ1955 ዓ.ም. ሸዋ፣ በ1962 ዓ.ም. ደግሞ መተሐራ ተከተሉ።

የዚህ ኩባንያ ባለቤቶች የሸንኮራ ማሳውን አያዩትም። ያሉት አምስተርዳም ነው። በአዋሽ ዳር የዋለውን ገንዘባቸውን ሊከታተሉ የሚችሉት በሒሳብ ሪፖርት ብቻ ነበር። ስለዚህ ወንጂ ውስጥ የሚያዘው መዝገብ ሩቅ ያለ ባለቤት በቅርብ ያለ ሥራ አስኪያጁን የሚቆጣጠርበት መሣሪያ ነበር። የኩባንያ አስተዳደር የሚባለው ጉዳይ ሁሉ ከዚህ ርቀት ይመነጫል፤ ገንዘቡ የአንዱ ነው፣ የሚያዝበት ሌላ ነው።

ኩባንያው ሲመጣ ኢትዮጵያ ዘመናዊ የንግድ ሕግ ገና አልነበራት። ሕጉ የታወጀው በሚያዝያ 1952 ዓ.ም. ነው። ረቂቁን የጀመሩት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ዣን ኤስካራ ሲሆኑ፣ እርሳቸው ሲሞቱ የአገራቸው ልጅ አልፍሬድ ዦፍሬ ጨረሱት። ሕጉ የአክሲዮን ማኅበር ቢያንስ 5 አባላትና 50,000 ብር ካፒታል እንዲኖረው፣ ከ3 ያላነሱ ከ12 ያልበለጡ የቦርድ አባላት እንዲመሩት፣ ባለአክሲዮኖች በጠቅላላ ጉባኤ የሚመርጡት ኦዲተር እንዲመረምረው ደነገገ። የቦርድ አባል የሚሆነው ባለአክሲዮን ብቻ ነበር። በማግሥቱ ዓመት በ1953 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 173 ወጣ። በሁለት ዓመት ውስጥ የኩባንያው መዝገብ ሁለት ሕጋዊ አንባቢ አገኘ፤ አንዱ ባለአክሲዮኑ፣ ሁለተኛው ግብር ሰብሳቢው።

በዚያ ሕግ ውስጥ አንድ ክፍተት ነበር። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር በሁለት ሰዎችና በ15,000 ብር ሊቋቋም ይችል ነበር፤ ኦዲተር የሚያስፈልገው ግን አባላቱ ከ20 ሲበልጡ ነበር። ኩባንያ በጥቂቱ በነበረበት ዘመን ይህ አንቀጽ ብዙም ጉዳት አላደረሰም። ጉዳቱ የታየው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው።

በ1950ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ አነስተኛ የአክሲዮን መገበያያ ተከፈተ። ያቋቋመው ብሔራዊ ባንክ ነው፤ የጥቂት ኩባንያዎች አክሲዮን ይሸጥበት ነበር። አክሲዮን የሚገዛ ሰው የኩባንያውን ትርፍና ዕዳ ማወቅ ይፈልጋል፤ ትርፉን ከግብር የሚደብቅ ኩባንያ ደግሞ ለአክሲዮኑ ጥሩ ዋጋ አያገኝም። ገበያው እየሰፋ ቢሄድ ኖሮ ኩባንያዎችን ወደ ግልጽ ሒሳብ የሚገፋ ኃይል በሆነ ነበር። ዕድሜው ግን አጭር ሆነ።

ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ባንኮችና ኢንሹራንሶች ተወረሱ። ጥር 26 ቀን ደርግ 72 የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶችን ሙሉ በሙሉ ወረሰ፤ በሌሎች 29 ላይ ደግሞ አብላጫውን ድርሻ ያዘ። ወንጂ፣ ሸዋና መተሐራ የመንግሥት ሆኑ። የአክሲዮን መገበያያው ተዘጋ። ጠቅላላ ጉባኤ የለም፣ የትርፍ ድርሻ የሚጠይቅ ባለአክሲዮን የለም፤ ፋብሪካዎቹን የሚመራው ኮርፖሬሽን ነው፣ ኮርፖሬሽኑን የሚያዘው ሚኒስቴር።

ኦዲት ግን አልቀረም። በ1969 ዓ.ም. የኦዲት አገልግሎት ኮርፖሬሽን ተቋቁሞ የመንግሥት ድርጅቶችን ሒሳብ ይመረምር ጀመር። የተለወጠው አንባቢው ነው። ድርጅቶቹ ከትርፍ ግብሩ በላይ የካፒታል ክፍያና ቀሪ ትርፍ እየተባለ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ገቢ ያደርጉ ነበር። ያተረፈ ሥራ አስኪያጅ ትርፉ ለማሽን ማደሻ አይቀርለትም፤ የከሰረም በገዛ ሀብቱ አይጠየቅም። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ ሥራ አስኪያጁ የሚጨነቀው ለዕቅድ አፈጻጸም መቶኛ ነው እንጂ ለትርፍና ለኪሳራ መግለጫው አይደለም።

በግሉ በኩል የደረሰው የባሰ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 76/1968 የአንድ የግል ኢንዱስትሪ ካፒታል ከ500,000 ብር፣ የጅምላ ንግድ ከ300,000 ብር፣ የችርቻሮ ንግድ ከ200,000 ብር እንዳይበልጥ ተገደበ። በግል ነጋዴ ገቢ ላይ የተጣለው ግብርም በከፍተኛው እርከን 89 በመቶ ደረሰ። በሐቅ መዝገብ የያዘ ነጋዴ ካፒታሉ ጣሪያውን ካለፈ ሀብቱን ያጣል፣ ካላለፈም ትርፉ ሁሉ ማለት ይቻላል ለግብር ይሄዳል። መዝገብ አለመያዝ፣ ወይም አሳንሶ መያዝ ራስን የማዳኛ መንገድ ሆነ። አንድ ትውልድ ነጋዴ ያደገው በዚህ ልማድ ነው፤ ሥርዓቱ ሲለወጥም ልማዱ አብሮ አልተለወጠም።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ የካፒታሉ ጣሪያ ተነሣ። በአዋጅ ቁጥር 25/1984 የመንግሥት የልማት ድርጅቶች የየራሳቸው ቦርድ እንዲኖራቸው ተደረገ። በግሉ ዘርፍ ኃላፊነታቸው የተወሰነ የግል ማኅበራት እንደ አሸን ፈሉ። ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ፣ ወንድምና እህት እየሆኑ ኩባንያ አቋቋሙ። አባላቱ ከ20 ስለማይበልጡ የ1952ቱ የንግድ ሕግ ኦዲተር እንዲሾሙ አያስገድዳቸውም ነበር። በወረቀት ላይ ኩባንያው ከባለቤቱ የተለየ ሰውነት አለው፤ በተግባር ግን የቤቱ ወጪ ከድርጅቱ ካዝና ይወጣል፣ የድርጅቱ ብድር በመኖሪያ ቤቱ ካርታ ይያዛል።

በዚህ ጊዜ የተለመደውን አሠራር የሒሳብ ባለሙያዎች ሁሉ ያውቁታል። ሦስት መዝገብ ይያዛል፦ ለባንኩ ትርፍ የሚያሳይ፣ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ኪሳራ የሚያሳይ፣ ሦስተኛው እውነተኛው በባለቤቱ መሳቢያ የሚቀመጥ። ግብር ሰብሳቢው የቀረበለትን ስለማያምን በግምት ይወስናል። ባንኩም ስለማያምን የሒሳብ መግለጫውን ወደ ጎን ትቶ ሕንፃ ወይም ቤት በመያዣነት ይጠይቃል። ጥሩ ሥራ ያለው ግን ቤት የሌለው ወጣት ብድር አያገኝም፤ ቤት ያለው ደግሞ ሥራው ባያዋጣም ያገኛል። ከግብር ለማምለጥ የተጀመረ ብልሃት የአገሪቱን የብድር ሥርዓት አጣመመ።

መዝገብን ማጣመም የኢትዮጵያ ችግር ብቻ አልነበረም። ኅዳር 1994 ዓ.ም. በአሜሪካ ኤንሮን የተባለው ግዙፍ የኃይል ኩባንያ በኪሳራ ሲወድቅ ዓለም ደነገጠ። ኩባንያው ዕዳውን ለዚሁ በተፈጠሩ ሌሎች ድርጅቶች ስም አሽጎ ከመዝገቡ አስወጥቶ ነበር፤ ቦርዱ አላስቆመውም፣ አርተር አንደርሰን የተባለው ስመ ጥር ኦዲተሩም ሒሳቡን አጽድቆለት ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት በዚያው ዓመት የኩባንያ ሹማምንት ስለ ሒሳባቸው በግል እንዲጠየቁ የሚያደርግ ሕግ አወጣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሚሂር ዴሳይና ዳሚካ ዳርማፓላ የተባሉ ሁለት ምሁራን በአንድ ጥናታቸው ከግብር መሸሽና የባለአክሲዮንን ገንዘብ ማሸሽ ብዙ ጊዜ ተደጋጋፊ መሆናቸውን አስረዱ። ትርፍን ከግብር ሰብሳቢ ለመሰወር የተሠራ ውስብስብ መዋቅር ያንኑ ትርፍ ከባለአክሲዮኑም ይሰውረዋል፤ በመሐል የሚጠቀመው ሥራ አስኪያጁ ነው።

ኤንሮን በወደቀበት በዚያው 1994 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286 አወጣች። የኩባንያ ግብር ከ35 ወደ 30 በመቶ ወረደ። ከታኅሣሥ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ጀምሮ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሥራ ላይ ዋለ። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያም በአስገዳጅነት መጣ፤ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ መሣሪያው ከአዲስ አበባ መደብሮች እስከ አዳማ ሆቴሎች ድረስ በየባንኮኒው ተተከለ። ሽያጭ መደበቅ አስቸጋሪ ሲሆን አንዳንዱ ወጪ ወደ ማጋነን ዞረ፤ ሐሰተኛ ደረሰኝ መግዛትና መሸጥ ራሱን የቻለ ንግድ ሆነ። መሣሪያው የሽያጩን ቁጥር ይይዛል። የወጪውን እውነተኛነት የሚመሰክረው ግን የሰው ዓይን ነው፤ ኦዲተር፣ ቦርድ፣ የውስጥ ቁጥጥር።

በ2000 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ስለ ኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ባወጣው ሪፖርት አገሪቱ በሕግ የጸደቀ የሒሳብ አያያዝ ደረጃ እንደሌላት አመለከተ። አንዱ ኩባንያ የአሜሪካን፣ ሌላው የእንግሊዝን ልማድ ይከተላል፤ ሁለት ፋብሪካዎችን በሒሳብ መግለጫቸው ማወዳደር አይቻልም ነበር። ዱከም የኢንዱስትሪ ከተማ መሆን የጀመረችው በዚህ ጊዜ ነው።

የኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን ውጥን የተነሣው ከቻይናዋ ዣንግዣጋንግ ከተማ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የቻይና ንግድ ሚኒስቴር በውጭ አገር ለሚገነቡ የኢኮኖሚ ዞኖች ባወጣው ውድድር ውጥኑ አለፈ። የዓለም የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ ግን በቀዳሚነት የተሰለፈው የብረት አምራች ዮንግጋንግ ራሱን አገለለ፤ ሥራው ቂዩዋን በተባለው ቡድን ትከሻ ላይ ወደቀ። በ5 ካሬ ኪሎ ሜትር የታቀደው ዞን የመጀመሪያው ምዕራፍ ወደ 2 ካሬ ኪሎ ሜትር ተቀነሰ። የቻይና መንግሥት ከተፈቀደው የግንባታ ወጪ እስከ 30 በመቶ ይመልሳል፤ የሚመልሰው ግን ወጪው ተመርምሮ፣ ዞኑም ተፈትሾ ሲያልፍ ብቻ ነው። የዱከሙ ዞን ይህን ፈተና ያለፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. ነው። ገንቢው ስምንት ዓመት ያህል ወጪውን በሰነድ አስደግፎ መያዝ ነበረበት። ገንዘብ ከጥሩ መዝገብ ጋር ሲታሰር መዝገቡ እንደሚያዝ ዱከም በዓይኗ አየች።

ነሐሴ 2003 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ሼንዠን ሄደው የሁዋጂየን ጫማ ኩባንያ ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጣ ጋበዙ። የኩባንያው ባለቤት ዣንግ ሁዋሮንግ በወራት ውስጥ አዲስ አበባ መጡ፤ 86 ወጣቶች ለሥልጠና ወደ ቻይና ተላኩ፤ ጥር 2004 ዓ.ም. ዱከም ላይ በሁለት የማምረቻ መስመርና በ600 ሠራተኛ ምርት ተጀመረ። በዓመቱ መጨረሻ ሠራተኞቹ 1,600 ደረሱ። ከዚያ በኋላ ዩኒሊቨር፣ የሊፋን መኪና መገጣጠሚያ፣ ሳንሼንግ የመድኃኒት ፋብሪካና ሌሎችም ወደ ዞኑ ገቡ።

ባለሀብቱን ከሳቡት ነገሮች አንዱ የግብር እፎይታ ነበር። በደንብ ቁጥር 270/2005 መሠረት አዲስ ኢንቨስትመንት እንደ ዘርፉና እንደ ቦታው ለዓመታት ከገቢ ግብር ነፃ ይሆን ነበር። በኢንዱስትሪ ዞን ገብቶ 80 በመቶ ምርቱን ወደ ውጭ የሚልክ ደግሞ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባለው የኦሮሚያ ልዩ ዞን ከሆነ ተጨማሪ 2 ዓመት፣ ከዚያ ውጭ ከሆነ ተጨማሪ 4 ዓመት ያገኝ ነበር። ዱከም በልዩ ዞኑ ውስጥ ስለነበረች ድርሻዋ 2 ዓመት ነበር። በእፎይታው ዘመን የደረሰ ኪሳራም እፎይታው ካበቃ በኋላ ለነፃው ጊዜ ግማሽ ያህል እየተሸጋገረ ይቀነስ ነበር።

እዚህ ላይ የሒሳብ አያያዝ ከግብር ጋር እንዴት እንደሚጠላለፍ ማየት ይቻላል። ጥሬ ዕቃውን ከቻይና እናት ኩባንያው የሚገዛ፣ ምርቱንም በእህት ኩባንያው በኩል ለአሜሪካ ገበያ የሚሸጥ አንድ የጫማ ፋብሪካ እናስብ። የሁለቱን ዋጋ የሚወስነው ገበያ ሳይሆን ቡድኑ ራሱ ነው። ሙጫውን አስወድዶ ጫማውን አርክሶ ከመዘገበ ትርፉ ቻይና ይቀራል፤ በተቃራኒው ካደረገ ዱከም ይቀራል። በእፎይታው ዓመታት ዱከም ላይ ግብሩ ዜሮ ነውና ትርፍን እዚያ ማስቀረት የሚያዋጣ ይመስላል። ብር ግን የራሱ ስጋት አለው። መስከረም መጨረሻ 2010 ዓ.ም. ብር በአንድ ቀን 15 በመቶ ተዳከመ፤ ዶላር ለማግኘት በባንክ ወራት መጠበቅ የተለመደ ነበር። ትርፉ በብር ሆኖ አገር ውስጥ ከሚታሰርበት ይልቅ 25 በመቶ ግብር ከፍሎ ቻይና ቢያስቀረው የሚመርጥ ድርጅት ሊኖር ይችላል። የግብር እፎይታ ብቻውን ትርፍን እንደማይስብ፣ ኩባንያው ግብሩንና ስጋቱን በአንድ ሚዛን እንደሚያስቀምጥ የእፎይታው ደንብ አላሰበበትም።

የሕጉ መልስ ዘግይቶ መጣ። በ2008 ዓ.ም. የዋጋ ማሸጋገር መመሪያ ወጣ፤ ተዛማጅ ኩባንያዎች እርስ በርስ የሚገበያዩበት ዋጋ ባይተዋር ሻጭና ገዥ ሊስማሙበት የሚችሉት ዋጋ እንዲሆን፣ ይህንንም በሰነድ እንዲያስረዱ ግዴታ ተጣለ። በዚያው ዓመት የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በውጭ ባለሀብት ቁጥጥር ሥር ያለ ኩባንያ ብድሩ ከካፒታሉ 2 እጥፍ ሲበልጥ ከዚያ በላይ ያለው ወለድ በወጪ እንዳይያዝለት አደረገ። ያላከፋፈሉትና በካፒታልነት ያላዋሉት ትርፍም 10 በመቶ ግብር ተጣለበት። የእነዚህ አንቀጾች ሁሉ ጉልበት በአንድ ነገር ላይ የተመሠረተ ነው፤ የኩባንያው መዝገብ ከማን ጋር ምን ያህል እንደተገበያየ በሐቅ ማሳየቱ።

ከዱከም ጥቂት ወረድ ብሎ ቢሾፍቱ ላይ በዚያው ዘመን ሌላ ዓይነት ኩባንያ እየገነነ ነበር። የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ በአጭሩ ሜቴክ፣ በደንብ ቁጥር 183/2002 በ10 ቢሊዮን ብር የተፈቀደ ካፒታል ተቋቋመ። የቢሾፍቱ አውቶሞቲቭና የአዳማ የእርሻ መሣሪያዎች ፋብሪካ በሥሩ ነበሩ። አውቶቡስ ገጣጠመ፣ ትራክተር ገጣጠመ፣ የስኳር ፋብሪካ ልገንባ ብሎ በቢሊዮኖች ብር ተዋዋለ። ኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ብርሃኑ ፀጋዬ ኮርፖሬሽኑ 37 ቢሊዮን ብር የሚያወጣ ዓለም አቀፍ ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ለሕዝብ ተናገሩ።

ሜቴክ የግል ጥቅም ፈላጊ ባለአክሲዮን አልነበረበትም፤ ባለቤቱ መንግሥት፣ ደንበኛው መንግሥት፣ አበዳሪው የመንግሥት ባንክ። አንድ ኩባንያ በአንድ ጊዜ ከአውቶቡስ እስከ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲይዝ ‘ይህን ያህል አደጋ መሸከም እንችላለን ወይ?’ ብሎ የሚጠይቅ፣ ካልተመለሰለትም የሚያስቆም ቦርድ ያስፈልገዋል። ዱከም ላይ ያለው ስጋት ትርፍ ከአገር መውጣቱ ነው፤ ቢሾፍቱ ላይ የታየው ደግሞ ኪሳራ ሳይቆጠር አገር ውስጥ መከማቸቱ። ሁለቱም የሚያድጉት መዝገቡ አንባቢ ባጣበት ቦታ ነው።

የአክሲዮን ማኅበራት ደንበኞችም ከጉዳት አላመለጡም። በ2005 ዓ.ም. አክሰስ ሪል እስቴት ከቤት ገዥዎች ከ1 ቢሊዮን ብር በላይ ሰብስቦ ቤቶቹን ማስረከብ ሳይችል ሲቀር፣ ብዙ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ቁጠባው ተያዘበት።

ለውጡ በዝግታ መጣ። በ2006 ዓ.ም. የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847 ጸደቀ፤ በ2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ተቋቋመ። ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና ትላልቅ የመንግሥት ድርጅቶች በቅድሚያ፣ ሌሎቹ በየተራ ወደ ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ እንዲገቡ ተወሰነ። እስከ ሰኔ 30 ቀን 2010 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ተቋማት ሒሳባቸውን በአዲሱ ደረጃ አቀረቡ።

ይህ ለውጥ የቃላት ለውጥ ብቻ የሚመስለው ይኖራል። ፍሬ ነገሩ ግን ጥልቅ ነው። በአዲሱ ደረጃ ባንክ ያበደረው እስኪከስር አይጠብቅም፤ ሊደርስ የሚችለውን ኪሳራ አስቀድሞ ይይዛል። ከተዛማጅ ወገን ጋር የተደረገ ግብይት በግልጽ ይገለጻል። በሒሳብ ደረጃው የተሰላው ትርፍና ግብር የሚጣልበት ትርፍ ቢለያዩ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ፣ ከእርጅና ተቀናሽ ይሁን ከመጠባበቂያ፣ በመግለጫው ላይ ተዘርዝሮ ይታያል። ያ በመሳቢያ ይደበቅ የነበረው የመዝገቦች ልዩነት አሁን በአንድ ገጽ ላይ በሕግ ተገልጦ እንዲጻፍ ተጠየቀ።

ከመዝገብ ውጭ ያለው ዓለም ግን ሰፊ ሆኖ ቀረ። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. በአምቦ፣ በጊንጪና በወሊሶ ነጋዴዎች ሱቃቸውን ዘግተው አድማ መቱ። ምክንያቱ በዕለት ገቢ ግምት የተጣለባቸው ግብር ነበር። ነጋዴው ‘ይህን ያህል አልሸጥም’ ይላል፤ ገማቹ ‘ትሸጣለህ’ ይላል። በሁለቱም እጅ ማስረጃ የለም።

በ2013 ዓ.ም. የ1952ቱ የንግድ ሕግ አብዛኛው ክፍል ስድሳ ዓመት አገልግሎ በአዋጅ ቁጥር 1243 ተተካ። ከቦርድ አባላት እስከ ሲሶ የሚሆኑት ባለአክሲዮን ያልሆኑ ባለሙያዎች እንዲሆኑ ተፈቀደ። እናትና እህት ኩባንያዎችን የሚመለከት ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባ፤ ዱከም ላይ ከአሥር ዓመት በላይ በተግባር የነበረው የቡድን ኩባንያ አሠራር በሕግ እውቅና አገኘ። በዚያው ዓመት የመንግሥት ድርጅቶችን ዕዳ የሚረከብ የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። የስኳር ልማቱ ዕዳም እዚያ ገባ። የስኳር ዘርፉን ከአምስተርዳም ባለአክሲዮኖች ሒሳብ የጀመረችው አገር ከ70 ዓመት በኋላ የዘርፉን ዕዳ በግብር ከፋዩ መዝገብ ላይ ጻፈች።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በዶላር የተበደረ ኩባንያ ሁሉ ዕዳው በብር ሲቆጠር ከእጥፍ ወደላይ አደገበት። ያለ ውጭ ምንዛሪ ገቢ የውጭ ዕዳ የተሸከመው ማን እንደነበረ የምንዛሪው ሠንጠረዥ አጋለጠ። መንግሥትም የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ለማዳን 900 ቢሊዮን ብር የሚያህል ቦንድ ለማውጣት ተገደደ፤ ባንኩ ለመንግሥት ድርጅቶች ያበደረው ሳይመለስለት ቀርቶ ነበርና።

ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀመረ፤ ወጋገን ባንክ በገበያው የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። በ1967 ዓ.ም. የተዘጋው በር ከ50 ዓመት በኋላ ተከፈተ። ሐምሌ 10 ቀን በዚያው ዓመት ደግሞ ምክር ቤቱ የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395ን አጸደቀ። በአዋጁ መሠረት አንድ ድርጅት በትርፉ ላይ የተሰላው ግብር ከዓመት ጠቅላላ ገቢው 2.5 በመቶ ካነሰ፣ የሚከፍለው ያንን 2.5 በመቶ ነው። በትርፍ ድርሻ ላይ የሚከፈለው ግብርም ከ10 ወደ 15 በመቶ አደገ።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። በዓመት 100 ሚሊዮን ብር የሸጠ፣ በእውነትም 1 ሚሊዮን ብር ብቻ ያተረፈ አምራች በ30 በመቶው ቢሰላ 300,000 ብር ይከፍላል። በአዲሱ ዝቅተኛ ግብር ግን 2.5 ሚሊዮን ብር ይጠየቃል፤ ከትርፉ ሁለት እጥፍ ተኩል። ለዓመታት ኪሳራ እያሳየ ቅርንጫፍ ለሚያበዛ ድርጅት ይህ ሕግ ተገቢ መልስ ነው። ከውጭ ምርት ጋር ተወዳድሮ በጠባብ ትርፍ ለሚሠራ የዱከም ወይም የአዳማ ፋብሪካ ግን በኪሳራ ላይ ኪሳራ ነው። መንግሥት ሐቀኛውን ከሐሰተኛው መለየት ስላልቻለ ሁለቱንም በአንድ ገመድ አሰረ። የሦስቱ መዝገብ ዘመን ዋጋ አሁን በሐቀኛው ላይ ወደቀ።

መፍትሔው ለሁሉም ወገን የተለያየ ሥራ ይሰጣል። የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ትላልቅ ኩባንያዎች ያቀረቡትን መግለጫ ለሕዝብ ክፍት ያድርግ፤ በሐሰት የፈረመ ኦዲተርንም በስሙ ያሳውቅ። ባንኮች ብድርን ከቤት ካርታ ወደ ተመረመረ የገንዘብ ፍሰት ያሸጋግሩ፤ ያን ጊዜ እውነተኛ መዝገብ መያዝ ለባለቤቱ ገንዘብ ያመጣል። የገቢዎች ሚኒስቴር መዝገባቸው በነፃ ኦዲተር የተመረመረላቸውንና የዋጋ ማሸጋገር ሰነዳቸው የተሟላላቸውን ኩባንያዎች ከ2.5 በመቶው ግዴታ የሚወጡበትን መንገድ ያጥና። በዱከም፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆና በአዳማ ያላችሁ የቤተሰብ ኩባንያ ባለቤቶችም ሕግ እስኪያስገድዳችሁ አትጠብቁ፤ ከቤተሰብ ውጭ የሆነ አንድ የቦርድ አባልና አንድ ነፃ ኦዲተር ዘንድሮውኑ ሹሙ፣ የግል ወጪያችሁንም ከድርጅቱ ካዝና ለዩ።